ዘራፍ የተከለከለበት የጦር ምክር

ዱሮ ነው ልጆች፣ ከዱሮም በፊት፣ ስሙን ማንም በማያስታውሰው ቆላ እመት ጃርት ከሁለት ልጆቿ ጋር በጉድጓዷ ትኖር ነበር። ምን ዋጋ አለው! አያ ጅቦ ወንድሞቹን አስከትሎ ከማዶ መጣና፣ «ጉድጓዱም የኔ፣ ልጆቹም የኔ!» አለ።

እመት ጃርት ብቻዋን እንደማትችለው አወቀች። ወደ ጋሽ ከርከሮ ሄደች፤ ገደል ላይ ወደሚኖረው ጋሽ ዝንጀሮም ሄደች። «ዛሬ እኔን የበላ ነገ እናንተን አይምርም» ብትላቸው፣ «እውነትሽን ነው» ብለው ቃል ገቡላት።

ዋርካ ሥር ለጦር ምክር ተቀመጡ። ተቀመጡ ማለቴ እንኳ ለወጉ ነው! ከርከሮ ብድግ አለና፣ «ዘራፍ! በወንዙ በኩል ገብቼ ሆዱን ዘርጋፊ!» ብሎ ፎከረ። ዝንጀሮ ሊበለጥ ነው? «ዘራፍ! ከገደሉ ወርጄ በጥፊ አጋዳሚ!» አለ። እመት ጃርትም ደሟ ፈላ። «ዘራፍ! ከበሩ ቆሜ በእሾህ ወጊ!» አለች። አያ ጅቦ ቁጥቋጦ ሥር ተኝቶ እቅዱን አንድ በአንድ ሰማላቸው። ወይ ጀግኖች!

በማግስቱ ከርከሮ በወንዙ፣ ዝንጀሮ በገደሉ፣ ጃርት በበሩ ሲጠብቁ ጅቦች በጓሮ መጥተው ጉድጓዱን ይቆፍሩ ጀመር። እመት ጃርት የልጆቿን ጩኸት ሰምታ ባትደርስ አልቆላቸው ነበር። ልጆቿን ስታስጥል ሆዷን ተነከሰች። ከርከሮና ዝንጀሮ እየሮጡ ሲደርሱ ጅቦቹ፣ «ነገ እንመለሳለን!» እያሉ ሄዱ።

እንደገና ተሰበሰቡ። ከርከሮ «ዘራ…» ሲል እመት ጃርት፣ «ኧረ በቃን ጋሼ!» ብላ በጀርባዋ ተንጋለለች። «ይኸው እዩት፣ ሆዴ ላይ እሾህ የለኝም። በፊት ለፊት ከመጡብኝ አለቀልኝ» አለቻቸው። ጃርት ሆዷን ለሌላ አውሬ ስታሳይ ታይቶ አይታወቅም።

ከርከሮ አፈር አፈሩን እያየ፣ «እኔም… ሩቅ አላይም። የምሮጠው በግምት ነው» አለ።

ዝንጀሮም ራሱን አከከና፣ «እኔ አጥርቼ አያለሁ። ግን ጅብ ሲጠጋኝ ጉልበቴ ይከዳኛል» አለ።

ያን ጊዜ ምክሩ ምክር ሆነ፣ ያውም በሹክሹክታ! ጅቦቹ በጓሮ የቆፈሩትን በድንጋይ ደፈኑት። ዝንጀሮ ከገደል እያየ ሊጮህ፣ ከርከሮ ጩኸቱን ሰምቶ ሊሮጥ፣ ጃርት ሆዷን ወደ ውስጥ፣ እሾኋን ወደ ውጭ አድርጋ በሩን ልትዘጋ ተስማሙ።

ጅቦች መጡ። «በግራህ!» ከርከሮ በግራ። «በቀኝህ!» ከርከሮ በቀኝ። አያ ጅቦ መግቢያ ቢያጣ ጉድጓዱ ውስጥ ልደበቅ ብሎ አፍንጫውን እሾህ ላይ ሰካው። «ወየው አፍንጫዬ!» እያለ ወንድሞቹን ጥሎ ፈረጠጠ።

እመት ጃርት እያለቀሰች ልጆቿን አወጣቻቸው። «ኑ፣ የአጎቶቻችሁን ጉልበት ሳሙ። እነሱ ባይኖሩ እኛም የለንም። ዕድሜ ይስጥልኝ ጋሼዎቼ፣ ክፉ አይንካችሁ!» አለች።

ዝንጀሮም፣ «አንቺ ደፍረሽ ባታሳዪን እኛ መቼ እንተማመን ነበር? ምስጋናውስ ላንቺ ነው» አላት።

በሦስተኛው ቀን ከአያ ጅቦ መልእክተኛ መጣ። «ከሁለቱ ተለዪና እኔና አንቺ ብቻ እንታረቅ፤ ልጆችሽን አልነካም» ይላል። እመት ጃርት ልጆቿን አየች፤ ከዚያም፣ «ለጌታህ ንገረው፤ ዕርቅ ከፈለገ ይምጣ፣ ሦስታችንም ዋርካው ሥር አለን። ብቻዋን የሆነች ጃርት እዚህ አገር የለችም» አለችው። አያ ጅቦም ሦስቱን በአንድ ላይ ለማየት አልደፈረም፤ ቆላውን ለቆ ሄደ።

እኔ የሰማሁትን አቀበልኳችሁ፤ እናንተም አቀብሉ። ለዚህ ነው፣ «ጉራ ወዳጅ ይበትናል፤ ጉድለቱን የነገረ ጋሻ ያገኛል» የሚባለው።