ለወንድሙ የሠራው ባኞ ቤት

አንድ ሰው ነበረ፤ ቅናት በጎ ሥራ ያሠራው። እሱን ልንገርሽ ትርንጎ፣ የጠየቅሽኝን እሱ ይመልስልሻል። «እማሆይ፣ ባልንጀራዬ የሙት ልጅ ወስዳ ማሳደግ ከጀመረች ወዲህ ሰፈሩ ሁሉ የሚያወራው ስለ እሷ ነው። እኔም ቀንቼ ሁለት ልጆች ልወስድ አስቤያለሁ። ቅናቱ ለበጎ ከሆነ ምን ኃጢአት አለው? መንፈሳዊ ቅናት አይደል ወይ?» አልሽኝ። ቃሉን ከየት እንዳመጣሽው አውቃለሁ፣ ከዐውደ ምሕረት ነው። እንግዲህ ቁጭ በይና ስሚኝ። የነጠላሽንም ጫፍ መቋጨቱን ተይው፣ ልብሽን ወደዚህ አድርጊ።

ይህ ሰው ሚስቱ ሞታበት ከእናቱ ጋር ይኖር ነበር። ታናሽ ወንድሙ ደግሞ ከሚስቱና ከትንንሽ ልጆቹ ጋር ከአጥሩ ማዶ ነው የሚኖረው፤ አባታቸው ያወረሳቸውን ግቢ ለሁለት ከፍለውት ነበር። እናትየዋ ጉልበቷን ያማታል፣ መቀመጥ መነሣት ጭንቋ ነው። የታላቁ ልጇ ሽንት ቤት ጓሮ ሆኖ ቁጢጥ የሚባልበት ነበር። ገላዋንም የምትታጠበው በሳፋ፣ ማድቤት ውስጥ በሩን ዘግታ ነው። ሰውዬው እናቱን ይወዳታል፣ ይህን አልክድበትም። በእጁ ያጎርሳታል፣ ደግፎ ቤተ ክርስቲያን ይወስዳታል፣ ስትታመም አጠገቧ ያድራል። ብዙ ዓመት እንዲህ ኖሩ።

ኋላ ታናሽየው ቤቱን አሳደሰና ባኞ ቤት አስገባ። ሙቅ ውኃ አለው፣ ግድግዳው ሴራሚክ ነው፣ ሽንት ቤቱም የሚቀመጡበት ነው። ቅዳሜ ቅዳሜ እናቱን እየመጣ ይወስዳታል፣ ሚስቱ ታጥባታለች፣ ከዚያ መልሶ ያመጣታል። አንድ ቅዳሜ እናትየዋ ፊቷ ወዝ ብሎ ተመለሰች። ከታላቁ ልጇ ጋር ማዕድ ቀርባ ሳለች፣ «ጉልበቴን ያሳረፈ ልጄ፣ ጉልበቱ አይድከም» ብላ ታናሹን መረቀችው።

እናት ስትመርቅ አጠገቧ ያለ ሰው አሜን ይላል። ምርቃቱ ለጠላት እንኳ ቢሆን አሜን ይላል። ሰውዬው ግን አሜን ማለት አቃተው። «ስንት ዓመት ያጎረስኳት እኔ፣ የምትመርቀው እሱን!» አለ በሆዱ። ቅናት ነው የያዘው፣ ስሙን አላሳምርለትም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከአጥሩ ማዶ ውኃ ሲንፎለፎል በሰማ ቁጥር ሥራውን ትቶ ያዳምጣል። የወንድሙ ልጆች ባኞ ውስጥ እየተንቦጫረቁ ሲስቁ ይሰማና፣ ሳቁ በእሱ ላይ ይመስለዋል። ወንድሙን መንገድ ላይ ሲያገኘው ከአንገት በላይ ይስቅለታል። ከሁሉም የባሰው ፍርሃቱ ነበር። አንድ ቅዳሜ ሄዳ እዚያው ብትቀርብኝስ እያለ ይጨነቃል፣ ግን እናቱን አይጠይቃትም።

ስለዚህ እኔም ለእናቴ ባኞ ቤት አሠራለሁ ብሎ ተነሣ። በጎ ሐሳብ አይደለም? በጎ ነው እንጂ! ወሬው እንኳ ሲሰማ ሰው አመሰገነው። እሱ ግን አስቀድሞ ያደረገውን ልንገርሽ። እንኳን ደስ ያለህ የሚል መስሎ ወንድሙ ቤት ገባና ባኞ ቤቱን ከላይ እስከ ታች ቃኘው። ባኞውን ወደደው፣ ሴራሚኩን ወደደው፣ መስታወቱን ወደደው። ግድግዳው ላይ የተመታ አንድ ወፍራም ብረትም አየና የፎጣ መስቀያ መሰለው። ይህ አስቀያሚ ነው፣ እኔ ጋ አይገባም አለ።

ከዚያም ያንኑ የወንድሙን ቧንቧ ሠራተኛ ጠራ። ሠራተኛው ወሬ የሚወድ፣ ሰውን በአንድ እይታ የሚያውቅ ብልጥ ነበር። ሰውዬው ገና «ወንድሜ ጋ ያለው ባኞ ጥልቀቱ ምን ያህል ነው?» ብሎ ሲጠይቀው በሽታውን አወቀለት። ከዚያ በኋላ ሥራው የወንድሙን ቤት ማድነቅ ሆነ። እዚያ ያለው የውኃ ሮቶ ትልቅ ነው ሲለው፣ ሰውዬው ከዚያ የሚበልጥ ሮቶ አምጥቶ ያስቀምጣል። እዚያ ሙቅ ውኃው ለሻወሩም ለመታጠቢያውም ይደርሳል ሲለው፣ የእኔ ግድግዳ ይቦርቦርና ቧንቧው ጓዳ ድረስ ይሂድ ይላል። ባኞውም ከወንድሙ የጠለቀ እንዲሆን አዘዘ። ለማን ነው ብሎ የጠየቀ የለም፤ ሠራተኛውም ሥራ እስከበዛለት ድረስ ምን ቸገረው።

እናትየዋ ዘንጓን ይዛ በሩ ላይ ትመጣ ነበር። የተቦረቦረውን ግድግዳ፣ የሚቀበረውን ቧንቧ ታይና አንድ ነገር ልትናገር አፏን ስትከፍት፣ ልጇ «አቧራው ይጎዳሻል እማዬ፣ ሲያልቅ ታዪዋለሽ» ብሎ ይመልሳታል። ደጋግማ መጣች፣ ደጋግሞ መለሳት።

ሥራው አለቀ፣ ቅዳሜም ደረሰ። ታናሽየው እንደ ልማዱ እናቱን ሊወስድ ሲመጣ፣ ሰውዬው ከእንግዲህ እናቴ በቤቷ ትታጠባለች ብሎ ከበር መለሰው። ከዚያ ባኞውን ሙቅ ውኃ ሞላላት። እናትየዋ የባኞውን ጠርዝ አየች፣ ጥልቀቱን አየች፣ ቀና ብላም የልጇን ፊት አየች። ደስ እንዲለው ብላ እገባለሁ አለች። እሱ በሩን ዘግቶ ወጣ። እሷም እንዴት እንደገባች እግዜር ይወቅ፣ ገባች። ሰውዬው ውጭ ቆሞ ምርቃቱን ይጠብቃል።

ታጥባ ስታበቃ መነሣት አቃታት። ጉልበቷ አልታዘዝ አለ። ጠርዙ ያዳልጣል፣ ግድግዳው ልሙጥ ነው፣ የምትይዘው ነገር የለም። ልጇን ጠራችው። የበሩን እጀታ ሲይዝ ሰምታ ደግሞ እንዳይገባ ከለከለችው። እውነቷን ነው፣ ወንድ ልጅ የእናቱን ዕርቃን ያያል እንዴ? በቤቱ ሌላ ሴት የለች፤ ሴት ያለችው ከአጥሩ ማዶ ነው።

ወዲያው ጠርቷት ቢሆን ኖሮ ይህን ታሪክ አልነግርሽም ነበር ትርንጎ። አልጠራትም። ከበር የመለስኩትን ሰው አሁን ሚስትህን ላክልኝ እንዴት እለዋለሁ እያለ ቆመ። እናቱን ትንሽ ሞክሪ፣ ጠርዙን ያዢ እያላት ቆመ። ውኃው ቀዘቀዘ። ጥርሷ ሲንገጫገጭ በበሩ በኩል ይሰማዋል፣ እሱ የሚያስበው ግን ወንድሙ ሲስቅበት ነበር። እናቱን የሚወድ ሰው ነው ያልኩሽ እኮ እሱኑ ነው።

ኋላ እናትየዋ በደከመ ድምፅ፣ «ልጄ፣ ከማን ጋር ነው የምትማከረው? እኔ እኮ በረደኝ» አለችው።

ይህን ጊዜ ወደ አጥሩ ሮጦ የወንድሙን ሚስት ጠራ። ሴትየዋ ልጆቿን ጥላ ጋቢ ይዛ ሮጣ መጣች። ገብታ እናትየዋን አቅፋ አወጣቻት፣ አድርቃ አልጋ ላይ አስተኛቻት። ስትወጣ ለነቀፌታ ሳይሆን ግራ ገብቷት፣ «ጋሼ፣ መያዣውን ብረት ለምን አላስመቱላቸውም? እኛ ጋ እሱን ይዘው እኮ ነው የሚነሡት። ባኞውማ የልጆቹ ነው፣ እሳቸውን በርጩማ ላይ አስቀምጬ ነው የማጥባቸው» አለችው።

እናትየዋን ብርድ መታትና ሳንባዋን አመማት። ንስሐ አባቷ እስኪጠሩ ድረስ ጠናባት፣ ከሞት አፍ ነው የተመለሰችው። ሻል ሲላት ልጇ ከራስጌዋ ተቀምጦ ለአንቺ ብዬ እኮ ነው ያሠራሁት አላት።

«ለእኔ ቢሆን እኔን ትጠይቀኝ ነበር» አለችው። «እኔ መቀመጫና መያዣ ነው የፈለግሁት፤ ያንን ልነግርህ ስመጣ አቧራ አልከኝ። ወንድምህ ከእኔ ጋር ኑሪ ብሎ ሲለምነኝ፣ የበኩር ልጄን ብቻውን ትቼ አልመጣም ያልኩት እኔ ነኝ። ይህንንም አልጠየቅኸኝም።»

ሰውዬው አለቀሰ። ባኞውን በመዶሻ አሰበረው። ሠራተኛው ለማፍረሱም እየሳቀ መጣ። ቧንቧው ተቆርጦ ተደፈነ፣ ወለሉ ተስተካከለ፣ በርጩማ ገባላት፣ መያዣ ብረቱም ተመታላት። እናትየዋ ከዚያ በኋላ በቤቷ ታጠበች።

አሁን ወደ አንቺ ልምጣ። ቅናት በጎ ሥራ አያሠራም አላልኩሽም። ያሠራል፣ ያውም ሌት ተቀን እንቅልፍ እየነሣ ያሠራል። ግን ሰውዬው ግድግዳውን ሲያስቦረቡር፣ ቧንቧውን ሲያስቀብር፣ ዓይኑ ወንድሙ ቤት ነበር። ለእሷ ብዬ ነው የሚላት እናቱ በሩ ላይ ቆማ አላያትም። አንቺም መንፈሳዊ ቅናት አልሽ። የተቸገረው አንጀትሽን ሲበላው እኮ ነው እንዲያ የሚባለው፤ አንቺን ያቃጠለሽ ግን የተመሰገነችው ናት። የእሱ ስሕተት ባኞ ነውና በመዶሻ ወጣ። ልጅ አንድ ጊዜ ቤትሽ ገብቶ እማዬ ካለሽ በኋላ ምን አድርገሽ ታወጪዋለሽ?

እስቲ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። የባልንጀራሽን ልጅ ስም ታውቂዋለሽ፣ ለበዓል ምን ጫማ እንደገዛችለት እንኳ ነግረሽኛል። አንቺ ልትወስጃቸው ያሰብሻቸው ሁለቱ ልጆች ስማቸው ማን ነው?

ስማቸውን አታውቂም። በይ ተነሺ፣ ሂጂና እነሱን ጠይቂያቸው።