ከዘር ቆጠራው የቀሩት

የማይቆጥሩት ነገር የሌለ አንድ ሰው ነበሩ። ስማቸው አቶ ቢያድግልኝ ይባላል። ከቤታቸው እስከ ቤተ ክርስቲያኑ ደጅ አራት መቶ አሥራ ሁለት እርምጃ መሆኑን ያውቃሉ። በወጣትነታቸው ከገጠር ባዶ እጃቸውን መጥተው፣ አሥራ አንድ ዓመት ጆንያ ተሸክመው፣ በመጨረሻ የከተማዋን ትልቁን ወፍጮ ቤት ተከሉ። "ለዚህ ያበቃኝ ጉልበቴ አይደለም፤ መቁጠሬ ነው" ይሉ ነበር።

ከሁሉ ይልቅ የሚታወቁት ግን በዘር ቆጠራ ነው። በከተማዋ ሁለት ቤተሰቦች ልጆቻቸውን ሊያጋቡ ሲያስቡ፣ ዝምድና እንዳይገኝ እስከ ሰባት ትውልድ የሚቆጥሩላቸው እሳቸው ናቸው። በአባትም በእናትም ወገን፣ ወረቀት ሳይዙና ስም ሳይስቱ ይዘልቁታል።

እናኑ የምትባል የሃያ ሦስት ዓመት ልጅ አለቻቸው፤ ልብስ ሰፊ ናት። አንድ ቀን ጨርቅ ስትቆርጥ ጣቶቿ መቀሱን እንደያዙ ድርቅ ብለው ቀሩ። መቀሱን ከእጇ ለማስለቀቅ ሁለት ሰው ታገለ። ከዚያ ከንፈሯን ዙሪያውን ይደነዝዛት ጀመር፤ ቀጥሎም እየወደቀች መንፈራገጥ ጀመረች። ጎረቤት "ዓይን ነው" አለ፤ ከዚያ የከፋ ስም የሰጠውም ነበር። አቶ ቢያድግልኝ ወሬ ከቁጥር የሚያስገቡ ሰው አልነበሩምና ልጃቸውን ይዘው ወደ ትልቁ ሆስፒታል ሄዱ።

እዚያ የተቀበለቻቸው ዶክተር ትርሲት የምትባል ሐኪም ናት። በደም ውስጥ ስላለው ካልሲየምና ከወላጅ ወደ ልጅ ስለሚተላለፉ የእጢ በሽታዎች መመራመር ከጀመረች ስምንት ዓመቷ ነበር። የእናኑን የደም ውጤት አይታ አባትየውን አስጠራች።

"አባቴ፣ የልጅዎ ደም ካልሲየም አንሶታል። ጣቶቿን የሚያደርቃቸውም፣ እሷን የሚጥላትም ይኸው ነው። አንገታችን ውስጥ ምስር የሚያካክሉ እጢዎች አሉ፤ ካልሲየም እንዳያንሰን የሚጠብቁት እነሱ ናቸው።"

"ስንት ናቸው?"

"አራት።"

አቶ ቢያድግልኝ ራሳቸውን ነቀነቁ። ቁጥር ያለው ነገር አያስፈራቸውም።

"አሁን የምጠይቅዎት ዋናው ነገር ነው። በዘራችሁ እጁ የሚደርቅ ወይም የሚወድቅ ሰው ነበረ?"

"የለም።"

"ረጋ ብለው ያስቡት።"

"ምኑን አስባለሁ ልጄ? እስከ ሰባት ቤት ልቁጠርልሽ!" አሉና ትንፋሽ ሳይወስዱ አወረዱት። ሐኪሟ ስሞቹን አንድ በአንድ ጻፈች። ከሥሩም "በዘር የለም" ብላ ጨመረች።

ስለዚህ የእናኑን ሕመም እንደ ተለመደው ዓይነት አድርጋ ማከም ጀመረች። ካልሲየሟ ከጤነኛ ሰው መጠን እስኪደርስ ድረስ መድኃኒቱ ተጨመረ። መውደቁ ቆመ፤ መቀሱም እጇ ላይ መቅረቱን ተወ። አቶ ቢያድግልኝ በየማለዳው እንክብሉን ቆጥረው ያስውጧታል። ነገር ግን ሕክምናው በተጀመረ በስምንተኛው ወር ጎኗን ይወጋት ጀመር፤ ከኩላሊቷም ጠጠር ወጣ። በሁለተኛው ዓመት ሁለት ጊዜ ተደገመ።

ዶክተር ትርሲት አባትና ልጅን አንድ ላይ አስቀምጣ እውነቱን አልደበቀቻቸውም።

"በዚህ ከቀጠልን ሁለት ዓመት ሳይሞላ ኩላሊቷ ሥራ ያቆማል። በዘር የሚወረስ አንድ ዓይነት አለ። እሱ ያለበት ሰው እጢዎቹ ካልሲየሙ ሳይሞላ ሞልቷል ብለው ያርፋሉ፤ ኩላሊቱም ያለውን በሽንት ያፈሰዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ከጤነኛ መጠን ላድርስህ ማለት ኩላሊቱን በጠጠር መሙላት ነው። ለእሱ የሚሰጠው ከመውደቅ የሚያድነው ትንሹ መጠን ብቻ ነው። ግን በግምት ቀንሼባት ብትወድቅ ልትሞትብኝ ትችላለች። ማወቅ አለብኝ።"

"ዘሬን ቆጥሬልሻለሁ እኮ" አሉ አቶ ቢያድግልኝ ቆጣ ብለው።

"ቆጥረውልኛል። ትናንት እንደገና አየሁት፤ ሠላሳ ስምንት ስም ነው። ሠላሳ ስምንቱም የወለዱ ናቸው። ሳይወልዱ የሞቱት የት አሉ?"

"ለጋብቻ የሚቆጠረው የወለደ ነው። ያልወለደ ምን ዝምድና ያመጣል?"

"ለጋብቻ ልክ ነዎት። እኔ የምፈልገው ግን በሽታውን ነው።"

አቶ ቢያድግልኝ መሬት መሬት ማየት ጀመሩ። የሉም ብለው መነሳት ይችሉ ነበር። ሠላሳ አንድ ዓመት ያሉት ይህንኑ ነው። ቀና ሲሉ ግን የልጃቸውን ጣቶች አዩ።

"እህት ነበረችኝ" አሉ።

"እህት?" አለች እናኑ። "አባዬ፣ አንተ እህት ነበረችህ?"

"ጥሩወርቅ ትባላለች። እጇ እንዳንቺ ይደርቅ ነበር። በአሥራ ሰባት ዓመቷ እንደ ወደቀች ቀረች። እናትሽን ላገባ ሽማግሌ ብልክ ዘሬን ጠየቁኝ፤ የሚጥል በሽታ አለባቸው እንዳይሉኝ ዘለልኳት። አንዴ ከዘለልኳት በኋላ መመለሻው ጠፋኝ።"

እናኑ፣ "እኔንስ ልትዘለኝ ነበር?" አለች።

አቶ ቢያድግልኝ ወደ ሐኪሟ ዞረው፣ "ስንት ሰው ይበቃሻል?" አሉ።

"ያገኙትን ሁሉ። የሞቱትን በስም፣ ያሉትን በደም።"

በማግስቱ ወደ ተወለዱበት አገር ተሳፈሩ። አሥራ ዘጠኝ ቀን ከቤት ቤት ዞሩ። አራት ደጅ በፊታቸው ተዘጋ። የአጎታቸው ልጅ፣ "ሴቶች ልጆቼን ቆመው ልታስቀራቸው ነው?" ብሎ ውሻውን ሊለቅባቸው ምንም አልቀረው። እሳቸው ግን በማግስቱ ተመልሰው እዚያው ደጅ ቆሙ።

ከአባታቸው ወገን ብዙ የሚያስታውሱት አሮጊት መነኩሴ፣ እማሆይ ወለተ ጽዮን፣ ሲያዩዋቸው ሳቁባቸው።

"አንተ የአጥርህን እንጨት ሳይቀር የምትቆጥር ሰውዬ! እህትህን የት ጥለሃት መጣህ?"

"ጥያት ነበር እማሆይ። ልወስዳት ነው የመጣሁት።"

"እንግዲያው ቁጭ በል። ብቻዋን አትሄድልህም። አክስትህ ላቀች ዕድሜ ልኳን ጋኔን ያለባት ስትባል ነው የሞተች፤ እሷን ትወስዳለህ። የወንድምህ ሁለት ሕፃናት ሲንፈራገጡ ነው ያለፉት፤ እነሱንም ትወስዳለህ። ከእንግዲህ ማንንም አልደብቅም፣ ጻፍ!"

ዶክተር ትርሲት የደም መቅጃዋን ይዛ ወደዚያው አገር ስትመጣ ዘመዱ ሁሉ እጁን ወደ ኪሱ ከተተ። አቶ ቢያድግልኝ በሰው ሁሉ ፊት ኮታቸውን አወለቁ፣ እጅጌያቸውን ሰበሰቡ፣ "ከእኔ ጀምሪ" አሉ። ከዚያ በኋላ አሥራ ሦስት ሰው ተከተላቸው። ውሻ ሊለቅባቸው የነበረው የአጎታቸው ልጅ የመጨረሻው ነበር።

ከአሥራ አራቱ የአምስቱ ካልሲየም ዝቅተኛ ሆኖ ተገኘ። አንዱ የአቶ ቢያድግልኝ ነው።

"ክረምት በገባ ቁጥር ከንፈሬን የሚነዝረኝ ብርድ አልነበረም?" ብለው ጠየቁ።

"አልነበረም አባቴ" አለች ሐኪሟ። "እርስዎን በቀላሉ አልፎዎታል። በልጅዎ ግን ጠንቶባታል።"

ደሙ ለዘረ መል ምርመራ ተልኮ ውጤቱ ሲመጣ የተጠረጠረው፣ በዘር የሚወረሰው ዓይነት ሆኖ ተገኘ። የእናኑ መድኃኒት ወደ ሲሶ ወረደ፤ ሽንቷም በየወሩ ይመረመር ጀመር። ኩላሊቷ ላይ የተጋገረው ካልሲየም አልለቀቀም፤ ዓመት ሲሞላ ግን አዲስ ጠጠር አልተገኘባትም። የአጎታቸው ልጅ የልጅ ልጅም በተወለደች በሦስተኛ ሳምንቷ ስትንፈራገጥ፣ ጋኔን ነው ያላት አልነበረም፤ በዚያው ቀን ሐኪም ዘንድ ደረሰች።

በዚያ ዓመት ሦስት ቤተሰቦች አቶ ቢያድግልኝን ትተው ሌላ ዘር ቆጣሪ ጠሩ። የቀሩት ሲጠሯቸው፣ ሰባቱን ቤት ከቆጠሩ በኋላ አንድ ጥያቄ ይጨምራሉ፦ "ሳይወልዱ የሞቱትስ?" ይህን ሲሰሙ ተቆጥተው የሚነሱ አሉ። እሳቸው ግን እስኪቀመጡ ጠብቀው እንደገና ይጠይቃሉ።

ወገኖቼ፣ ሐኪም የሚያክመው የነገርነውን ነው። ለክብራችን ስንል የምንደብቀው ስም በልጆቻችን ሰውነት ውስጥ ሥራውን ይሠራል፤ እኛ ስለ ዘለልነው እነሱን አይዘላቸውም። የታመመ ዘመድ ያለው ቤት የሚያፍርበት ነገር የለውም፤ የሚያሳፍረው እያወቁ ዝም ማለት ነው። ዛሬ ከቤተሰብዎ በዕድሜ ከሚበልጠው ሰው ጋር ቁጭ ብለው ይጠይቁ፦ በቤታችን ስማቸው የማይነሳው እነማን ናቸው? በምንስ ሞቱ?