ሰገነቱ ላይ የቆመው ሰው

አንድ ሰው ነበረ፤ ሥራው የጠፉ ቤቶችን መፈለግ ነበር።

ልጄ፣ ቤት እንዴት ይጠፋል አትበዪኝ። ከተማ ሲያድግ ቤት እንደ ወተት ጥርስ ይነቀላል። በቦታው ሌላ ይበቅላል፤ ጥቂት ቆይቶ የቀድሞው የት እንደ ነበረ የሚያስታውስ ይጠፋል። የሚተርፈው ፎቶግራፍ ነው፤ እሱም ቢሆን ከጀርባው ምንም ያልተጻፈበት። ይህ ሰው በጎልማሳነቱ የከተማውን መንገድ ሲለካ ኖሮ ጡረታ ወጥቶ ነበር። ሰዎች ከሣጥን ሥር ያገኙትን ፎቶ እያመጡ «ይሄ ቤት የት ነበር? ፎቶውስ መቼ ነው የተነሣው?» ይሉታል። እሱም በማጉያ መነጽሩ ጎንበስ ብሎ ያይና ይነግራቸዋል። ብዙ ጊዜ አይስትም። አለመሳቱን ደግሞ ራሱም ያውቀዋል፤ የውሸት ትሕትና አያውቅም ነበር።

ደንቡ አንድ ነው። «ቤቱን አትዩት» ይላል። «ቤቱን ማንም ያየዋል። ቤት ፎቶ ሲነሣ እንደ ሙሽራ ይኩነሰነሳል፤ ዕድሜውን አይናገርም። ጎረቤቱን ጠይቁት፤ ጎረቤት ምሥጢር አይችልም።» ጎረቤት የሚለው ከኋላ ያለውን ተራራ፣ የዛፉን ቁመት፣ የመብራቱን እንጨት፣ አላፊ አግዳሚውን ነው።

አንድ ጊዜ ወጣቶች የድግስ ፎቶ ይዘው እየተጨቃጨቁ መጡ። ከአንድ የፈረሰ ሆቴል ደጅ ላይ ሰዎች ገበታ ከብበው ይበላሉ። ሆቴሉ ከአደባባዩ በስተቀኝ እንደ ነበረ ሽማግሌዎች ይምላሉ፤ በፎቶው ላይ ግን በስተግራ ነው። አንዱ «ሆቴሉ ሁለት ነበር ማለት ነው» ይላል። ሌላው «ሽማግሌዎቹ ጃጅተው ነው እንጂ!» ይላል። ሰውየው ሆቴሉን ተወና የበላተኞቹን እጅ አይቶ ሳቀ።

«እስቲ ንገሩኝ፤ ከዚህ ገበታ በቀኙ የሚጎርስ አንድ ሰው አለ?»

አዩ። ሁሉም በግራው ነው የሚጎርሰው።

«አንድ ግራኝ ከየትም ቤት አይጠፋም። ገበታው በሙሉ ግራኝ ከሆነ ግን ጥፋቱ የፎቶ አጣቢው ነው፤ ፊልሙን ገልብጦ አጥቦታል። ሂዱና ሽማግሌዎቻችሁን ይቅርታ ጠይቁ።»

እንዲህ ያለ ሰው ነበር።

ከዕለታት አንድ ቀን ጠጉሯ የሸበተ ሴት፣ በመስታወት የተከፈፈ ትልቅ ፎቶ በጨርቅ ጠቅልላ መጣች። ፎቶው ላይ የእንጨት ሰገነት ያለው ሰፊ ፎቅ ቤት ይታያል። ሰገነቱ ላይ አንድ ረጅም ሰው መደገፊያውን ይዞ ቆሟል። ከሥሩ ግቢው በሰው ሞልቷል።

«ይሄ አባቴ ነው» አለች፣ ሰገነቱን በጣቷ እየነካች። «ሳልወለድ ነው የሞተው። ሌላ ፎቶ የለውም፤ ይሄን እያየሁ ነው ያደግሁት። ልጄን ስድር እዚህ ሥር አንበርክኬ ነው የመረቅኋት፤ አባቴም አብሮ እንዲመርቃት። አሁን የልጅ ልጅ አይቻለሁ። ቅድመ አያታቸው የቆመበትን መሬት ላሳያቸው እፈልጋለሁ። ጋሼ፣ ቤቱ የት እንደ ነበረ ብቻ ይንገሩኝ።»

«አባትሽ እንዴት ሞተ?»

«ገበያው ሲቃጠል። ጨው ነጋዴ ነበር። እሱስ ወጥቶ ነበር አሉ፤ ውስጥ ሰው ቀርቷል ሲሉት ተመልሶ ገባ። በዚያው ቀረ።»

ሰውየው መነጽሩን አነሣና ጎንበስ አለ። ብዙም አልቆየ። ከቤቱ ጀርባ ያሉትን ሁለት ጉብታዎች፣ በመካከላቸውም የሚታየውን የቤተ ክርስቲያን ጉልላት ያውቃቸዋል።

«አግኝቼዋለሁ። ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ፣ ዛሬ ጫማ ሻጮች የሚደረድሩበት ቦታ ነው።»

ሴትዮዋ እልል አለች፤ ጉልበቱን ልትስም ጎንበስ ስትል ከለከላት። ፎቶዋን ልትጠቀልል እጇን ዘረጋች። እሱ ግን መነጽሩን ከፎቶው አላነሣም። ከግቢው ባሻገር፣ በፎቶው ጠርዝ ላይ፣ ክዳን የሌላቸው ቋሚዎች ተሰልፈው አየ።

«እሱማ ገበያው ገና ሲሠራ ነው» አለች ሴትዮዋ። «አባቴ ወጣት እያለ።»

ልጄ፣ እዚህ ላይ ልብ በዪ። ገና የሚሠራ ቤትና ተቃጥሎ ያለቀ ቤት በአሮጌ ፎቶ ላይ አንድ ናቸው። ሁለቱም ክዳን የላቸውም፤ ሁለቱም ቋሚ ብቻ ናቸው። ስለዚህ ሰውየው ቋሚዎቹን ትቶ አጠገባቸው ያለውን ዋርካ አየ። ዋርካው ወደ ግቢው ባለው ጎኑ ቅጠሉ ጥቅጥቅ ብሏል። ወደ ገበያው ባለው ጎኑ ግን ቅርንጫፉ ሁሉ ራቁቱን ነው። አናጺ ዛፍ አይለበልብም።

ሰውየው ገባው። ይህ ፎቶ ከቃጠሎው በኋላ የተነሣ ነው። አባቷ ደግሞ በቃጠሎው ሞቷል። እንግዲያውስ ሰገነቱ ላይ የቆመው ማን ነው?

ዝም ቢል ማንም አይወቅሰውም ነበር። የጠየቀችውን ነግሯታል፤ ደስ ብሏት ልትሄድ ነው። ነገር ግን የልጅ ልጆቿን ይዛ በማታውቀው ሰው ሥር ልታንበረክክ ነው፤ ይህን እያወቀ እንዴት ይሸኛት?

«እስቲ ተቀመጪ» አላት። «ፎቶው የተነሣው ገበያው ከተቃጠለ በኋላ ነው።» ዋርካውንም አሳያት።

«ታዲያ ምን ይሁን?» አለችው። ከዚያ ገባት። ፊቷ ተለዋወጠ።

«እኔ የጠየቅሁዎት ቦታውን ነው! ዘመኑን ማን ጠየቀዎት?»

«ቦታና ዘመን አብረው ነው የሚመጡት። አንዱን ተቀብዬ ሌላውን ልመልሰው አልችልም።»

«እና ዕድሜ ልኬን ደኅና እደር ያልኩት ማንን ነው? የሰው ባል? የሰው አባት? አንድ አባት ነው ያለኝ፤ እሱንም በመነጽር ወሰዱብኝ? መነጽርዎ ይሰበር!»

ሰውየው እርግማኑን እንደ አመጣጡ ተቀበለው። መዳፉን ዘረጋና ሰገነቱን፣ ከነቆመው ሰው፣ ሸፈነው።

«አሁን እዪ» አላት።

«ምኑን ልይ? ሸፍነውት?»

«እሱንማ ዕድሜሽን ሙሉ አየሽው። ከእሱ በታች ያሉትን አይተሻቸው ታውቂያለሽ?»

 እውነትም አይታቸው አታውቅም ነበር። ለእሷ ከሰገነቱ በታች ያለው ሕዝብ እንደ ሣር ነበር። «የሰርግ ሰው ነው ሲሉኝ…» ብላ ጀመረችና ተወችው። ሰውየው መነጽሩን ሰጣት።

«ነጠላቸውን ተመልከቺ። ጥለቱ የት ላይ ነው?»

አየች። ከአንዷ ወደ ሌላዋ፣ ከሌላዋም ወደ ወንዶቹ ኩታ ሄደች። የጥለቱ ጥቁር መስመር በሁሉም አንገት ላይ ነው።

«አዘቅዝቀው ነው የለበሱት» አለች፣ ድምፅዋ ዝቅ ብሎ።

በአገራችን ለአንዲት ሴት ከዚህ በላይ ማስረዳት አያስፈልግም። ሰርግ የሄደ ሰው ነጠላ አያዘቀዝቅም። ግቢው ውስጥ የተጣለውን ዳስም አየችው፤ ለካ የተዝካር ዳስ ነው። ሰዉ ግቢውን ሞልቶ፣ ከበር አልፎ፣ አጥሩ ላይ ተንጠልጥሏል።

«ሐዘንተኛ የት ነው የምትቀመጠው?» አለ ሰውየው።

«ከመሐል።»

«ፈልጊያታ።»

ከመሐል ጥቁር የለበሰች ሴት ተቀምጣለች። አንገቷን ደፍታለች፤ ፊቷ አይታይም። ግራና ቀኝ ሁለት ሴቶች ደግፈዋታል። በስተቀኝ ያለችው ቀና ብላ ወደ ፎቶ አንሺው ታያለች። ሴትዮዋ ጣቷን እሷ ላይ አሳረፈች።

«አክስቴ ይርገዱ! ወይኔ፣ በልጅነቷ!» አለች። «አክስቴ ይርገዱ ማንን ነው የደገፈችው?» ራሷ ጠየቀች፤ ራሷም «እናቴን» አለች። አክስቷ አንድ እጇን በሐዘንተኛዋ ጀርባ አሳልፋለች፤ ሌላውን በዚያችው ሐዘንተኛ ሆድ ላይ አኑራለች። እንቁላል እንደ ያዘ ሰው፣ ቀስ ብላ።

«ቃጠሎው መቼ ነበር?» አላት።

«በመጋቢት።»

«አንቺስ መቼ ተወለድሽ?»

«በነሐሴ። በፍልሰታ ጾም።»

«እንግዲያማ አንቺም እዚህ አለሽበት።»

ያን ጊዜ ሴትዮዋ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ስባ አለቀሰች፤ ለቅሶ ቤት እንደሚለቀሰው፣ ደረቷን እየመታች። ለአባቷ አልቅሳ አታውቅም ነበር። ከግድግዳ ላይ ሁልጊዜ ለሚያይሽ ሰው እንዴት ይለቀሳል? ሰውየው ጠበቃት። ሲወጣላት ዐይኗን ጠረገች።

«ሰገነቱ ላይ ያለውስ ማን ነው?»

«አላውቅም። የግቢው ባለቤት ይሆናል። ማንም ይሁን ማን፣ ለአንድ ጨው ነጋዴ ብሎ ግቢውን ከፍቶ ቆሟል። እኔ የብዙ ባለጠጋ ቤት ፎቶ አይቻለሁ፤ አጥር ላይ ተንጠልጥሎ የሚያለቅስ ሰው ግን ዛሬ ገና ማየቴ ነው።»

«አክስቴ ታዲያ ለምን ዋሸችኝ? ‹አባቴ የቱ ነው?› ስላት እኮ እሱን ነው ያሳየችኝ።»

«ምን ትበልሽ? ‹ይሄ ሁሉ ሰው የሚያለቅስለት፣ እዚህ የሌለው ነው› ተብሎ ለሕፃን ይነገራል?»

ሴትዮዋ እንባዋ ሳይደርቅ ሳቀች።

በማግሥቱ ቦታው ድረስ ወሰዳት። እንዳለውም ከአውቶቡስ ማቆሚያው ጀርባ ጫማ ተደርድሮ፣ ሻጮች ይጮኻሉ። «ሰገነቱ እዚህ ላይ ነበር» ብሎ ወደ ላይ ሲያሳያት ቀና ብላም አላየችው። «ዳሱስ?» አለችው። አሳያት። አንድ ጫማ ሻጭ በበርጩማ ተቀምጦበታል።

«የኔ ልጅ፣ እስቲ ፈቀቅ በልልኝ» አለችው።

«ምን ጠፋብሽ እማማ? ጫማ ከሆነ እዚሁ አለ፤ እግርሽን ብቻ አምጪው።»

«ምንም አልጠፋብኝም። እዚህ ቦታ ከአንተ በፊት እኔ ነበርኩ።»

ሻጩ «የቀበሌ ሰው ናት መሰለኝ» ብሎ እያጉረመረመ ተነሣላት። እሷም በርጩማው ላይ ተቀመጠች፤ የሚያልፈው ሰው ሁሉ እስኪገረም ድረስ ብዙ ተቀመጠች።

ልጄ፣ ትናንት የጠየቅሽኝን አልረሳሁም። «ባሌ ከሞተ ወዲህ ፊቱ እየራቀኝ ነው። ዐይኔን ስጨፍን አይመጣልኝም፤ የሰርጋችንን ፎቶ ሳይም ሌላ ሰው ይመስለኛል። ፊቱ ከጠፋኝ እሱን ረሳሁት ማለት ነው?» ብለሽኛል።

አልረሳሽውም። ፊት ማለት ሰገነት ላይ እንደ ቆመው ሰው ነው። ዐይን መጀመሪያ የሚሄደው ወደ እሱ ነው፤ የሚታለለውም በእሱ ነው። አንቺ ያን ሰገነት እያየሽ ባልሽን ትፈልጊያለሽ፤ ባልሽ ግን እዚያ የለም። በመዳፍሽ ሸፍኚውና ከሥሩ ያለውን እዪ። አጥር ለአጥር የተካሰሳችሁት ጎረቤት፣ የለቅሶው ድንኳን ሲተከል ካስማውን ማን ቀድሞ መታ? እድርተኛው ከተበተነ በኋላ እንኳ ዕቃ አጥቦ የመለሰው ማን ነው? አንቺስ ከገበያ ስትመለሺ፣ ከበሩ በመለስ ድምፅሽን ከፍ አድርገሽ «መጣሁ» ማለትሽን ትተሻል? ይህ ሁሉ የእሱ ነው። የፈረሰ ቤት የት እንደ ነበረ የሚናገረው በዙሪያው የቀረው ነው፤ የሞተ ሰውም እንደዚያው።

ፊቱ ሲሻው ይምጣ፣ ሲሻው ይቅር፤ አታባርሪው፣ አትለምኚውም። አሁን ነጠላሽን አስተካክይና ተነሺ። ደጅ ላይ ሰዎች ቆመዋል፤ ለባልሽ ብለው ነው የመጡት።