ሦስት ዓመት ሸራ ለብሳ የቆመችው ቀይ መኪና

ጆሮ ያላችሁ ቀረብ በሉ፤ ነገሬ ረጅም አይደለም። ዘይትና ጎማ አፍ አውጥተው በሚናገሩበት፣ አይጥም ከሰው ጋር በምትማከርበት በዚያ በድሮ ዘመን፣ ከተራራ ሥር በምትገኝ አንዲት ትንሽ ከተማ ሽብሩ የሚባል መካኒክ ነበር።

ሽብሩ ሥራ አዋቂ ነበር። ሞተር ሲያስል ሰምቶ የት ጋ እንዳመመው ይናገራል። ትዕግሥቱ ግን አጭር ነበር። መኪና ቢያስቸግረው ቀኑን ሙሉ ተንበርክኮ ይውላል እንጂ አይከፋውም፤ አልሰማ የሚል ሰው ግን ጨጓራውን ይልጠዋል። ከሁሉ ይበልጥ ጨጓራውን የሚልጡት ደግሞ የታላቅ እህቱ ባል፣ አቶ ወንዳፍራሽ ነበሩ።

አቶ ወንዳፍራሽ ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሲለፉ ኖረው፣ ጡረታ ሲወጡ ቀይ የስፖርት መኪና ገዙ። ሁለት ወንበር ብቻ ያላት፣ ሆዷ ለመሬት የቀረበ፣ ስትነሣ ጎረቤቱን ሁሉ ከበር የምታስወጣ መኪና ናት። የገዟት ቀን ሚስታቸውን ትርንጎን ጎናቸው አስቀምጠው ወደ ቤት እየነዱ፣ "በዚህች መኪና ከተራራው ማዶ ያለውን ሐይቅ አሳይሻለሁ" አሏት።

ትርንጎ ሐይቁን ያየችው አንድ ጊዜ ብቻ፣ ያውም በልጅነቷ ነው። ዓይኗ ደግሞ እየደከመ ነበር። ሐኪሞች መነጽርም ጠብታም የማይመልሰው ድካም ነው፣ ቀስ እያለ ይጨልማል ብለው ነግረዋታል። ስለዚህ ቶሎ እንሂድ አለች።

አቶ ወንዳፍራሽ ግን መኪናዋን ግቢ አስገብተው ወፍራም ሸራ አለበሷት። መንገዱ አቧራ ነው አሉ። ፀሐዩ ቀለሟን ይበላዋል አሉ። ለከርሞ አሉ። በየጠዋቱ ሸራውን ገለጥ አድርገው የኪሎ ሜትር ቆጣሪዋን ያያሉ። አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። በማግሥቱም አራት መቶ አሥራ ሁለት ይላል። ደስ ብሏቸው መልሰው ይሸፍናሉ።

ዓመት ሲሞላ መኪናዋን ለሰርቪስ ወደ ሽብሩ ጋራዥ አመጧት። አመጧት ስላችሁ ነድተው እንዳይመስላችሁ። ቆጣሪው እንዳይንቀሳቀስ በጭነት መኪና ጀርባ አስጭነው ነው። ሽብሩ ይህን ሲያይ ሁለት እጁን ራሱ ላይ አደረገ። ጋራዡና የእህቱ ቤት የሚለያዩት በአንድ ድልድይ ብቻ ነው።

ቢሆንም የሞተሯን ክዳን፣ ኮፈኗን ከፈተ። የዘይት መለኪያውን ዘንግ መዘዘ። በዘንጉ ጫፍ ላይ የተንጠለጠለው ዘይትም ተናገረ።

"ሽብሩ፣ ቀይረኝ" አለ ዘይቱ። "ተቀምጬ አረጀሁ። እርጥበት ገባብኝ፤ ሞተሩ ሞቆ አያተንንልኝም። ዝቃጭ እየሆንኩ ነው።"

ሽብሩ ለአማቹ በትሕትና አስረዳቸው። ዘይት የሚቀየረው በኪሎ ሜትር ብቻ ሳይሆን በጊዜም ነው፣ አሮጌውን ላፍስስ፣ አዲስ ልጨምር፣ ከዚያ እርስዎ ይንዷት አላቸው።

አቶ ወንዳፍራሽ ሸራውን አጣጥፈው በብብታቸው ይዘውት ነበር። በሸራው እጥፋት ውስጥ ደግሞ አንዲት አይጥ ነበረች። ሽብሩ አላያትም። ይህች አይጥ መኪናዋ ግቢ ከገባችበት ሳምንት ጀምሮ፣ ሞተሩ በሚተነፍስበት የአየር ፊልትሮ ሣጥን ውስጥ ቤት ሠርታለች። መኪናዋ ከሄደች ቤቷ ይፈርሳል። እናም አንገቷን ብቅ አድርጋ በአቶ ወንዳፍራሽ ጆሮ አንሾካሾከች።

"ጌታዬ፣ ያልሄደች መኪና በምን ታረጃለች? የምትበላሸው ሰው ሲነካካት ነው።"

አቶ ወንዳፍራሽ የራሳቸው ሐሳብ መሰላቸው። "ያልሄደች መኪና በምን ታረጃለች?" አሉ። "የምትበላሸው ሰው ሲነካካት ነው። አንተ እጠብና ወልውልልኝ።"

ሽብሩ ተከራከረ፤ አልሆነም። አጠበ፣ ወለወለ። መኪናዋም እንደመጣችው ተጭና ተመለሰች።

ሁለተኛው ዓመት መጣ። አሁንም ጭነት መኪናው መጣ፤ አሁንም ሽብሩ ራሱን ያዘ። በዚህ ጊዜ የተናገረው የኋላው ጎማ ነው።

"ሽብሩ፣ ቀይረኝ" አለ ጎማው። "በአንድ ጎኔ ቆሜ ቆሜ ጎኔ ጠፍጣፋ ሆነ። ድንጋይ ሳልረግጥ ተሰነጣጠቅሁ።"

ሽብሩ አማቹን እጃቸውን ይዞ አስጎነበሳቸው፤ ጣታቸውን በስንጥቁ ላይ አስኬደው። ከሸራው እጥፋት ግን ያ ሹክሹክታ በጆሯቸው ገባ፤ ጌታዬ፣ አዲስ ጎማ ለመንገደኛ ነው፣ እርስዎ መንገደኛ ነዎት እንዴ እያለ። አቶ ወንዳፍራሽም ቀና ብለው፣ "አዲስ ጎማ ለመንገደኛ ነው። እኔ መንገደኛ ነኝ እንዴ?" አሉ። መኪናዋ ታጠበች፣ ተወለወለች፣ ተጭና ሄደች።

ሽብሩ በዚያ ሳምንት እህቱን ሊጠይቅ ድልድዩን ተሻገረ። ትርንጎ በረንዳ ላይ ቁጭ ብላ ምስር ትለቅማለች። ወደ ትሪው አላቀረቀረችም፤ በጣቷ እየዳሰሰች ነው ጠጠሩን የምታወጣው። ሽብሩ በሩ ጋ ቆሞ እስኪናገር ድረስ ማን እንደመጣ አላወቀችም።

አጠገቧ ተቀመጠ። ባልሽን ዛሬ ልክ አገባቸዋለሁ ብሎ ተነሣ። እሷ ግን እጅጌውን ይዛ አስቀመጠችው።

"ተው ሽብሬ" አለችው። "ክፉ ሆኖ አይደለም። ሠላሳ ዓመት ሲለፋ አንድም ነገር ሳይጎድልበት የያዘው መኪናዋን ብቻ ነው። ከነካኋት ታልቅብኛለች ብሎ ይፈራል።"

ሽብሩ ይህ መልስ ሊዋጥለት አልቻለም። ለመኪናው የሚፈራ ሰው ለሚስቱ እንዴት አይፈራም ብሎ እያጉረመረመ ወደ ጋራዡ ተመለሰ። ዓመቱን ሙሉ፣ የሌላ ሰው መኪና ሥር ተኝቶ እንኳ ያጉረመርም ነበር።

ሦስተኛው ዓመት መጣ። ጭነት መኪናውም መጣ። በዚህ ጊዜ ግን ከሾፌሩ ጎን ትርንጎም አብራ መጥታለች። ሽብሩ እህቱን ደግፎ አውርዶ ጥላ ሥር አስቀመጣት፤ ከዚያ የመኪናዋን ኮፈን ከፈተ። የፍሬን ዘይቱ ክዳኑ እስኪነሣለት እንኳ አልጠበቀም።

"ሽብሩ፣ ቀይረኝ" አለ የፍሬን ዘይቱ። "ሦስት ዓመት ሙሉ ከአየሩ ላይ ውሃ ስጠጣ ኖሬያለሁ። ቁልቁለት ላይ ደጋግመው ከረገጡኝ እፈላለሁ። ከፈላሁ ደግሞ ፍሬኑ አይዝም። ሐይቁ ያለው ከቁልቁለቱ ግርጌ ነው፤ እኔ ሰው መግደል አልፈልግም።"

ከኋላ ያ አሮጌ ዘይት አጉረመረመ። ከታች ያ የተሰነጠቀ ጎማ አጉረመረመ። አቶ ወንዳፍራሽ ሦስቱንም ሰሙ። ከብብታቸው ሹክሹክታው ሲመጣ ደግሞ ፊታቸው ረጋ አለ።

"ቁልቁለቱን ካልወረድን ፍሬን ምን ያደርጋል?" አሉ። "እጠብና ወልውልልኝ።"

ሽብሩ የያዘውን መፍቻ መሬት ላይ አስቀመጠ። አልወረወረውም፤ ቀስ አድርጎ ነው ያስቀመጠው።

"ጋሼ" አለ፣ "ከዛሬ ጀምሮ ይህችን መኪና ወደ እኔ አያምጧት። እኔ መካኒክ ነኝ። ሐውልት የሚወለውል ሰው ይፈልጉ።"

አቶ ወንዳፍራሽ ተቆጡ። የሚያግዛቸው ሰው ሲፈልጉ ሚስታቸውን አዩ። እጇን ይዘው መኪናዋ አጠገብ አመጧት።

"ትርንጎ፣ አንቺ ፍረጂ። እስቲ እያት። በሦስት ዓመት ውስጥ አንዲት ጭረት አለባት?"

ትርንጎ መዳፏን በመኪናዋ ጀርባ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬደችው።

"ጭረት የለባትም" አለች። "ማማሯን ግን አንተ ንገረኝ። ካለፈው ክረምት ወዲህ ቀይና ጥቁር አይለይልኝም።"

  አቶ ወንዳፍራሽ የሚስታቸውን ፊት አዩ፤ ዓይኗ የሚያየው እሳቸውን ሳይሆን ከትከሻቸው በላይ ያለውን ግድግዳ ነበር።

"ለምን አልነገርሽኝም?" አሉ።

"ነገርኩህ" አለች። "ሸራውን እያለበስካት ነበር።"

በዚህ ጊዜ አይጧ አንገቷን ብቅ አድርጋ "ጌታዬ፣ ሰው ይሻለዋል፣ መኪና ግን..." ብላ ጀመረች። አልጨረሰችም። አቶ ወንዳፍራሽ ለመጀመሪያ ጊዜ ያ ድምፅ የራሳቸው እንዳልሆነ ገባቸው። ሸራውን ለቀቁት። አይጧ ከሸራው ዘላ በኮፈኑ ሥር ሮጣ ገባች፤ ሽብሩም ተከትሎ የፊልትሮውን ሣጥን ከፈተው። ከወንበሩ ስፖንጅ በተሠራ ጎጆ ውስጥ ዓይናቸው ያልተገለጠ አምስት ግልገሎች ነበሩ።

"ስለ ልጆቼ ብዬ ነው" አለች አይጧ እየተንቀጠቀጠች።

ሽብሩ ሊያባርራት እጁን አነሣ። ያኔ ሦስት ዓመት ሙሉ አንዲት ቃል ያልተናገረችው መኪና ተናገረች።

"ቀስ አድርገህ አውጣቸው" አለች። "እሷስ ቤት አድርጋኛለች። ጌታዬ ደግሞ መኪና ያድርጉኝ፤ ሌላ አልጠይቅም።"

ሽብሩ ጎጆውን እንዳለ አንሥቶ ከአጥሩ ሥር ባለ አሮጌ ሣጥን ውስጥ አኖረው። ከዚያ እጅጌውን ሰበሰበ። አሮጌው ዘይት እንደ ጭቃ እየከበደ ፈሰሰ፤ አዲሱ ተጨመረ። አራቱ ጎማዎች ወለቁ፤ አራት አዳዲስ ገቡ። የፍሬኑን ዘይት ለመቀየር ሰው ያስፈልግ ነበርና አቶ ወንዳፍራሽን መሪው ጋ አስቀመጣቸው። እሱ መኪናዋ ሥር ተኝቶ፣ "ይርገጡ" ይላል፤ እሳቸው ይረግጣሉ። "ይልቀቁ" ይላል፤ ይለቃሉ። ይርገጡ፣ ይልቀቁ። ይርገጡ፣ ይልቀቁ። ውሃ ያዘለው ዘይት ተንጠፍጥፎ እስኪያልቅ ድረስ አንድ ጊዜ እንኳ ደከመኝ አላሉም። ሽብሩ ግን አፉ አላረፈም። የሦስት ዓመቱን ወቀሳ ሁሉ ከመኪናዋ ሥር ሆኖ አወረደው፤ እሳቸውም እየረገጡ ሰሙት።

ፀሐይ አዘንበል ስትል ሥራው አለቀ። ባልና ሚስት መኪናዋ ውስጥ ገቡ። ሽብሩ አላመናቸውምና በሞተር ብስክሌቱ ከኋላ ተከተላቸው። ቆጣሪው አራት መቶ አሥራ ሦስት አለ። አራት መቶ ሃያ አለ። በእያንዳንዱ ቁጥር የአቶ ወንዳፍራሽ ዓይን ወደ ቆጣሪው ይሄድና ይመለሳል። ተራራውን ወጡ። ቁልቁለቱን ወረዱ። ፍሬኑም ያዘ።

ከሐይቁ ዳር ሲደርሱ ትርንጎ ወርዳ ሣሩ ላይ ቆመች። አቶ ወንዳፍራሽ ትከሻዋን ይዘው ቀስ አድርገው ወደ ውሃው አዞሯት።

"ምን ይታይሃል?" አለቻቸው።

"ውሃ ነው" አሉ።

"ይህንንማ ሽታው ነግሮኛል። ሌላ።"

አቶ ወንዳፍራሽ ተጨነቁ። ነገር ሲጠብቁ እንጂ ሲያዩ የኖሩ ሰው አልነበሩም። እየተንተባተቡ ጀመሩ። ከዳሩ አረንጓዴ ነው አሉ። ወደ መሐሉ ግራጫ ነው፣ አይ፣ ግራጫም አይደለም፣ የብረት ምጣድ ሲታጠብ የሚመስለውን ይመስላል አሉ። ነጫጭ ወፎች በአንድ እግራቸው ቆመዋል፤ አንዷ አሁን እግሯን ቀየረች አሉ። ትርንጎ ስንት ናቸው አለች። ቆጠሩላት። እንደገና አስቆጠረቻቸው።

ሽብሩ ከኋላቸው ቆሞ ነበር። ንዴቱ አልወጣለትም። ይህች ሴት ከሦስት ዓመት በፊት በሁለት ዓይኗ ታየው ነበር፣ በአንድ ጣሳ ዘይት፣ በግማሽ ቀን ሥራ ብሎ ሊናገር አፉን ከፈተ። እህቱ ግን ወፎቹ ወዳሉበት ፊቷን መልሳ ትሰማ ነበር። አፉን ዘጋና የአዲሶቹን ጎማዎች ነፋስ ሊያይ ሄደ።

ከዚያ ወዲያ አቶ ወንዳፍራሽ በየቅዳሜው ትርንጎን ሐይቅ ይወስዷት ነበር። በየስድስት ወሩም ራሳቸው ነድተው ወደ ሽብሩ ጋራዥ ይመጣሉ። መኪናዋ ተጫረች፣ አቧራ ለበሰች፣ ድምፅዋም አማረ። ትርንጎ ግን ሐይቁን በዓይኗ አላየችውም።

እናንተ የሰማችሁ፣ ቤታችሁ ስትገቡ ሸፍናችሁ ያስቀመጣችሁትን ነገር ገለጥ አድርጉት። ዕቃ ሳይነካም ያረጃል፤ ዕቃው ከማርጀቱ በፊት ግን አብሮን ሊደሰትበት የጓጓው ሰው ያረጃል።