የታንኳ ሠሪው ስንሻው ሕመም

፦ ተረት ተረት!
፦ ንገሪን ለእኛ፣ ጆሯችን አልተኛ!

በድሮ ዘመን፣ በአንድ ትልቅ ሐይቅ ዳር፣ ስንሻው የሚባል ሽማግሌ ነበር። ደንገል እያጨደና እያሰረ ታንኳ ይሠራ ነበር። ሚስቱ ደብሬ ትባላለች። ወንድ ልጅ ነበራቸው፤ ያውም አንድ ለእናቱ። ልጁ አንድ ቀን ማለዳ አባቱ በሠራው አዲስ ታንኳ እህል ጭኖ ወጣ። ሐይቁ መሀል ሲደርስ ነፋስ ተነሣና ታንኳው ተበተነ። ልጁም በዚያው ቀረ።

ከዚያም ስንሻው ዝም አለ። እህል አልቀምስ አለ። ሐይቁ ዳር እየሄደ የሰው ታንኳ ባየ ቁጥር ማሰሪያውን በማጭድ ይበጥስ ጀመር። ጎረቤቶቹ ተሰበሰቡና፦

፦ ስንሻው አብዷል! ዛሬ ታንኳ፣ ነገ ደግሞ ሰው ይቆርጣል! አሉ።

ደብሬ ብትለምን፣ ብታለቅስ አልሰሟትም። እግሩን በሰንሰለት ጠፍረው ከግንድ ጋር አሰሩት። ክረምቱን ሙሉ ታስሮ ከረመ። ሰንሰለቱ ቁርጭምጭሚቱን በላው። ደብሬ ቁስሉን ለብ ባለ ውኃ እያጠበች፦

፦ ምነው አንዲት ቃል እንኳ ብታወራኝ? ትለዋለች።

በሐይቁ ማዶ አትጠገብ የምትባል መድኃኒት አዋቂ ነበረች። አእምሯቸው የታመመ ሽማግሌዎችንና አሮጊቶችን በቤቷ ታስታምማለች። ደብሬ ሄዳ እግሯ ላይ ወደቀች። አትጠገብም መጣችና ሰንሰለቱን በገዛ እጇ ፈታች። ስንሻውን ይዛው ሄደች። ቅጠል ቀቅላ አጠጣችው። ቁስሉ ጠገገ። እንቅልፍ ወሰደው። እህልም መቅመስ ጀመረ።

ዓመት ሲሞላው የአገሩ ገዥ፦ ያ ቤት ይጠቅም እንደሆነ ይቆይ፣ ካልጠቀመ ይዘጋ፣ ብሎ መልእክተኛ ላከ። መልእክተኛው ሕመምተኞቹን ደጅ ሰብስቦ ጠየቀ፦

፦ አያያዙ ደስ ብሏችኋል? ድናችኋል?

፦ ተመስገን! ደስ ብሎናል፣ ድነናል! አሉ ሁሉም ባንድ አፍ። ቤቱ እንዳይዘጋ ፈርተዋላ! ስንሻው ብቻ አልመለሰም።

፦ እርስዎስ አባቴ?

፦ ከሰንሰለት ፈታችኝ፣ እግዜር ይስጣት። አያያዟ ደስ ብሎኛል። ግን አልዳንሁም።

፦ ምን ጎደለብዎት?

፦ በላህ ወይ ይሉኛል። ተኛህ ወይ ይሉኛል። የልጄን ስም ግን እስከ ዛሬ የጠየቀኝ የለም።

አትጠገብ ክው አለች። ስሙ ከተነሣ ሕመሙ ያገረሽበታል ብላ ፈርታ ነበር። አሁን መጥታ ፊት ለፊቱ መሬት ላይ ተቀመጠችና፦

፦ ወንድሜ፣ ልጅህ ማን ይባል ነበር? አለችው።

፦ ልንገረው ይባል ነበር።

ስሙን ሲጠራ እንደ ሕፃን ተንሰቀሰቀ። ከዚያም እንዲህ አለ፦

፦ ያን ታንኳ ስሠራ እጄ ዝሎ ነበር። የመጨረሻውን ማሰሪያ ነገ አጠብቀዋለሁ ብዬ ተውሁት። እሱ ሳልነቃ ይዞት ወጣ። ልጄን የገደልሁት እኔ ነኝ።

አትጠገብ ነፋሱ ነው አላለችውም። ተው አታልቅስ አላለችውም። እጁን ይዛ አብራው ተቀመጠች። መልእክተኛውም ተመልሶ፦ ያ ቤት አይዘጋ፣ ብሎ ለገዥው ነገረ።

ስንሻው ጥቂት ወራት ቆየና፦ አሁን ወደ ደብሬ መልሱኝ፣ ለእሷም ልንገራት፣ አለ። መለሱት። ሚስቱን አስቀምጦ ስለ ማሰሪያው ሁሉን ነገራት። ትጮህብኛለች፣ ትረግመኛለች ብሎ አንገቱን ደፋ። ደብሬ ግን አገጩን ይዛ ቀና አደረገችውና፦

፦ ዐውቃለሁ ስንሻው። የዚያን ዕለት ማለዳ ስሸኘው ማሰሪያው ላልቶ አይቻለሁ። ቸኩሏል፣ ምንም አይሆን ብዬ ዝም አልሁ። አንተን አሰሩህ፣ አስታመሙህ። እኔን ግን ምን ሆንሽ ያለኝ ሰው የለም፣ አለችው።

ሽማግሌው ያን ሁሉ ጊዜ ቁስሉን ሲያጥቡ የነበሩትን እጆቿን ያዘ።

፦ ንገሪኝ እንግዲህ፣ አላት።

ስንሻው ከዚያ ወዲያ ታንኳ አልሠራም። ሐዘኑም አልወጣለትም። ሁለቱ ግን በየቀኑ ደጃቸው ተቀምጠው ስለ ልንገረው እያወሩ፣ አንዳንዴ እያለቀሱ፣ አንዳንዴም እየሳቁ ኖሩ።

እኔ የሆዴን አወጣሁላችሁ፤ እናንተ ደግሞ ሆዴን በዳቦ ሙሉልኝ።