ሐይቅ የት ይሄዳል?

አንድ ጊዜ በአንድ ሐይቅ ዳር ቀበሮና ጅብ በሽርክና ቲማቲም ያለሙ ነበር። ማሰቡ የቀበሮ፣ መሸከሙ የጅብ ነው። ትል ሲያስቸግራቸው ጅብ የመርጫውን ታንክ አዝሎ የተባይ መድኃኒት ይረጫል። አንድ ክዳን ይበቃል ቢባልም፣ ጅብ ጅብ ነውና ጠርሙሱን በሙሉ ይገለብጠዋል። ሲጨርስ የተረፈውን ሐይቁ ውስጥ ይደፋና ታንኩንም እዚያው ያለቀልቃል።

«አያ ቀበሮ፣ ይኼ ነገር ምንም አይል?» ብሎ ጠየቀ በመጀመሪያው ቀን።

«ውሃ ይዞት ይሄዳል። ነገ መጥተህ እየው።»

በማግስቱ ሐይቁ እንደ መስተዋት ጠርቶ ጠበቀው። «ውይ፣ እውነትም ሄዷል!» አለ ጅብ።

መድኃኒቱ ግን የትም አልሄደም። ቀስ እያለ ሰምጦ ከሐይቁ ሥር፣ ጭቃው ውስጥ ተኛ። እዚያ ደግሞ አምባዛ የምትባል ጢማም ዓሣ ልጆቿን ታሳድግ ነበር። አምባዛ ዓይነ አፋር ናት። ኮሽ ካለ ጢሟን ሰብስባ ጭቃ ውስጥ ትገባለች። አሁን ግን ልጆቿ መዋኘት አቅቷቸው በጎናቸው ይንሳፈፉ ጀመር። የመጨረሻው ትንሹማ ምግብም እምቢ አለ።

«ዛሬ ካፈርኩ ነገ ልጅ የለኝም» አለችና ዳኛው አንበሳ ወደሚያስችልበት የሐይቁ ዳር ሾላ ሥር ዋኘች። ጭንቅላቷን ከውሃው ብቅ አድርጋ «ቀበሮና ጅብ በሚደፉት መድኃኒት ልጆቼ ሊያልቁብኝ ነው» ብላ አቤት አለች። ቀበሮና ጅብም ተጠርተው ቀረቡ።

አንበሳ ሐይቁን አየ። «እኔ የማየው ጥሩ ውሃ ነው።»

«ጌታዬ፣ መድኃኒቱንማ ውሃው ይዞት ሄዷል፤ ይቺ ጢማም ጭቃ ስትልስ ኖራ ሆዷን ቆርጧት ነው!» አለ ቀበሮ። ከላይ ከላይ ጨለፍ አድርጎም ጠጣ። እንስሳቱ ሁሉ ሳቁ።

አምባዛ መስጠም አማራት። ግን ትንሹ ልጇ ትዝ አላት።

«ተጠየቅ፣ አያ ቀበሮ!» አለች።

«ልጠየቅ!»

«ወንዝ ሲሆን ይዞ ይሄዳል። ሐይቅ የት ይሄዳል?»

ቀበሮ ጆሮውን አከከ። አምባዛም ሐይቁ ሥር ጭቃው ላይ ተኝቶ ወደነበረው ጉማሬ ዞረች። «አቶ ጉማሬ፣ እባክዎ አንዴ ይነሱልኝ።»

ጉማሬ እንቅልፉን አቋርጦ እያጉረመረመ ተነሣ። የሐይቁ ሥር ታመሰ፤ ያ መስተዋት የመሰለ ውሃ አተላ ሆነ። ሽታው አፍንጫ ሰነፈጠ።

«በል አሁን ጠጣ» አለችው።

«እኔ... አሁን አልጠማኝም።»

«አንተ ካልጠጣህ ድርሻህን ለኔ!» ብሎ ጅብ ተንደረደረ። ቀበሮ ዘሎ ጭራውን ያዘው። «ተው አንተ ጅል፣ ትሞታለህ!»

ጅብ ወደ ቀበሮ ዞረ።

«ታዲያ ሄዷል አላልከኝም?» አለ ጅብ ግራ ገብቶት።

«የገዛ አፉ ፈረደበት» አለ አንበሳ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ታንኩን የሚያዝለው ቀበሮ ሆነ። መድኃኒቱ በክዳን ይለካል፤ እጣቢውም የሚረጨው እዚያው ቲማቲሙ ላይ ነው። ጅብ ጠርሙስ እንዳይነካ ተከለከለ።

የሐይቁ ጭቃ እስኪጠራ ስንት ክረምት እንደሚያልፍ የሚያውቅ የለም። እስከዚያው ጉማሬ የአምባዛን ልጆች ንጹሕ ጅረት ወደሚገባበት ጥግ ወሰዳቸው። ትንሹም ቀና ብሎ እየዋኘ የጉማሬን ጆሮ ይኮረኩር ጀመር። አምባዛ ዛሬም ኮሽ ሲል ትደበቃለች፤ ጢሟን ግን ውጭ ትተዋለች።

ከዚህ የምንማረው ክፉ ነገር ከዓይናችን ስለራቀ ጠፋ ብለን እንዳንታለል፣ ራሳችን የማንጠጣውንም በጎረቤታችን ቤት ላይ እንዳንደፋ ነው።