ኮምፒውተሩ «ማነህ» ያለው ሥራ አስኪያጅ

አንድ ድርጅት ውስጥ አቶ ሸዋንግዛው የሚባል፣ ማንም እንዲጠይቀው የማይወድ ሥራ አስኪያጅ ነበር። የይለፍ ቃሉን ሰኞ ሰኞ ይረሳዋል፤ ጥፋቱን ግን ሲስተሙን በሠራችው ፕሮግራመር ላይ ይለጥፋል። እሑድ እንኳ ንቦቿን ልታይ ቀፎ ስትከፍት እየደወለ «ይኼ ነገርሽ ዛሬም አላስገባ አለኝ» ይላታል።

አንድ ቀን የመምሪያ ኃላፊዎቹን በሙሉ ሰብስቦ አስጠራት።

«ስሚ አንቺ ልጅ፣ በዚህ ግቢ ዘበኛው ገና ከሩቅ አይቶኝ ብድግ ይላል። ያንቺ ዕቃ ግን በየቀኑ ማነህ ይለኛል። እስከ ነገ ምንም ሳይጠይቀኝ እንዲያስገባኝ አድርጊ። ካልሆነ አልችልም ብለሽ ጽፈሽ ሥራሽን ልቀቂ።»

እሺ ብትል የድርጅቱ ምስጢር በእሱ ኮምፒውተር ላይ ለተቀመጠ ሁሉ ክፍት ሊሆን ነው፤ አልችልም ብትል ደግሞ እንጀራዋን ልታጣ ነው። ኃላፊዎቹ አንገታቸውን ደፉ።

«ለምን እስከ ነገ ይጠብቃሉ?» አለች። «አሁኑኑ ይደረጋል። ሲስተሙ ማንንም ሳይጠይቅ የሚያስገባበት አንድ በር አለው፤ ለጎብኚ የተሠራ ነው። በዚያ የገባ ሰው ሌላው ሲሠራ ቁጭ ብሎ ያያል፤ እሱ ግን የሚሠራውም የሚወስነውም ነገር የለም።»

«ታዲያ ይኼ ለእኔ ይሆናል?» አለ አቶ ሸዋንግዛው።

«ይሆናል እንጂ ጌታዬ። ሰባት ዓመት ሙሉ እዚህ ቢሮ ሲገቡና ሲወጡ የኖሩት እንደዚያው አይደል? አዲስ የሚለምዱት ነገር የለም።»